«እዚህ አገር እግር የለኝም»

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበው ሳምንታዊ ትምህርት)

  

ለዛሬ ያዘጋጀሁት ርዕስ ሌላ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት እናት ስልክ ደወሉልኝና ያዘጋጀሁትን ወረቀት ለሌላ ጊዜ አቆየሁት።

እኚህ እናት የወሎ ሰው ናቸው፤ ባቲ አካባቢ ተወልደው እዚያው ወልደው ከብደው የኖሩ። ልጃቸው ወደዚህ ካመጣቸው አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የሚኖሩት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በአንድ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የደወሉት ለፈትዋ ነበር። «ሼኽ፣ ጁሙዓ በሴት ላይ ዋጅብ አለመሆኑን አውቃለሁ። እኔ የምጠይቅዎ፣ መስጂድ መሄድ እየፈለገች የሚወስዳት ያጣች ሰው በኒያዋ አጅሩን ታገኛለች ወይ?» አሉኝ። እኔም ስለ ኒያና ስለ ዑዝር የተማርኩትን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ጥሩ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። አመሰገኑኝ፤ ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲህ ምን ይደረግ፤ እኔ እዚህ አገር እግር የለኝም» አሉ።

እግራቸው ደህና ነው። የባቲን የሰኞ ገበያ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እሳቸው ገና ጎህ ሲቀድ ተነስተው በእግራቸው ሄደው፣ ሸጠው ሸምተው፣ ለመግሪብ ቤታቸው የሚደርሱ ሴት ነበሩ። እዚህ ሰኞ ማለት ልጃቸውና ምራታቸው በየመኪናቸው የሚወጡበት፣ የልጅ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ባስ የሚሄዱበት፣ በሩ የሚዘጋበት ቀን ነው። እንደዚያው እስከ ዓርብ ይዘልቃል። ቅዳሜ ልጁ ተጨማሪ ሥራ አለው፤ እሑድ ደክሞት ይተኛል። «ደክሞት የተኛን ልጅ እንዴት ቀስቅሼ ውሰደኝ እለዋለሁ?» አሉኝ።

ልጁን አውቀዋለሁ። እናቱን የሚወድ፣ በወዙ የሚያድር ሰው ነው። እሱን ለመውቀስ አይደለም ይህንን የማነሳው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እኚያ እናት የጠየቁኝ ስለ ኒያ አልነበረም። የጠየቁኝ መኪና ነበር። በሰው ላይ መጫን ስላልፈለጉ ጥያቄውን ፈትዋ አልብሰው አቀረቡት፤ እኔም ልብሱን አይቼ መለስኩላቸው።

ውድ አድማጮች፣ መጓጓዣ የዱንያ ጉዳይ ብቻ ይመስለናል። ቁርኣን ግን መጓጓዣ አጥተው ስላለቀሱ ሰዎች ይነግረናል። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ተቡክ ሲነሱ መንገዱ ሩቅ፣ ወቅቱ ሐሩር ነበር። ከድሆቹ ሰሓቦች መካከል የሚጋልቡት የሌላቸው መጥተው መጫኛ እንዲሰጧቸው ለመኗቸው። ነቢዩም የሚሰጧቸው እንደሌላቸው ነገሯቸው። ሰዎቹ እያለቀሱ ተመለሱ። የእነዚህ ሰዎች ነገር በሱረቱ ተውባህ ውስጥ እስከ ዕለተ ትንሣኤ ይቀራል። ልብ በሉ፤ አላህ እነዚህ ሰዎች ወቀሳ እንደሌለባቸው ተናግሯል። ወቀሳ የለባችሁም መባላቸው ታዲያ እንባቸውን አላስቀረውም። እኔም ለእኚያ እናት የሰጠኋቸው ይህንኑ ነው፤ «ዑዝር አለዎት» አልኳቸው። ዑዝር ግን ሰውን ከቤቱ ወደ መስጂድ አያደርስም።

ስለ ዓይነ ስውሩ ሰሓባ ስለ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። መሪ የለኝም፣ በቤቴ ልስገድ ብለው ነቢዩን ጠየቁ፤ መጀመሪያ ተፈቀደላቸው፤ ዞር ሲሉ ተጠርተው አዛን ይሰሙ እንደሆነ ተጠየቁ፤ እሰማለሁ ሲሉ እንዲመጡ ታዘዙ። ይህንን ሐዲስ ከጀማዓ የሚቀረውን ለመገሠጽ እናነበዋለን። ዒትባን ኢብኑ ማሊክን ግን ብዙ አናነሳም። እሳቸውም ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ ወንዙ ሞልቶ ከሕዝባቸው መስጂድ ይለያቸው ነበር። ይህንን ለነቢዩ ሲነግሩ ነቢዩ ራሳቸው ከአቡበክር ጋር ሆነው ቤታቸው ድረስ ሄደው፣ የትኛው ቦታ ላይ እንዲሰግዱላቸው እንደሚፈልጉ ጠይቀው ሰገዱላቸው። ዑለማኦቻችን ሁለቱን ሐዲሶች ስለማስታረቅ በሰፊው ጽፈዋል፤ ዛሬ ወደዚያ አልገባም። እኔን የሚገርመኝ አንዱ ነገር ነው፦ ዓይነ ስውር የነበሩት ኢብኑ ኡሙ መክቱም የነቢዩ ሙአዚን ነበሩ፤ ነቢዩ ከመዲና ሲወጡም ከተማውን ለእሳቸው የተዉበት ጊዜ ነበር። መንገድ የሚመራው ሰው የሚያስፈልገው ሰው፣ ከተማ የሚመራ ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደምንኖርበት አካባቢ እንምጣ። ቀድሞ የመጡት ወገኖቻችን ዲሲ ውስጥ፣ አዳምስ ሞርጋን አካባቢ ነበር የሰፈሩት። ሱቁም፣ ወዳጁም፣ ባሱም በእግር የሚደረስ ነበር። በኋላ የቤት ኪራይ እየገፋን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጀርመንታውን፣ ወደ ዉድብሪጅ፣ ወደ ማናሳስ ወጣን። ቤቱ እየሰፋ ሄደ፤ ባሱ እየራቀ ሄደ። ከማናሳስ ወደ ዲሲ የሚመጣው ባቡር በዋናነት ሠራተኛ ለማመላለስ የተዘረጋ ነው። ቤት ስንመርጥ የመኝታ ክፍሉን ብዛት እንጠይቃለን፣ ትምህርት ቤቱን እንጠይቃለን፣ ፓርኪንጉን እናያለን። «ከበሩ እስከ ባስ ፌርማታ ስንት ደቂቃ ነው? መንገዱስ የእግረኛ መሄጃ አለው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። መንዳት የማይችል ሰው ከእኛ ጋር የሚኖር ከሆነ ይህች ጥያቄ ከመኝታ ክፍሉ ቁጥር በፊት መምጣት ነበረባት።

መንዳት የማይችለው ደግሞ አረጋውያን ብቻ አይደሉም። ዓይናቸው የደከመ አሉ፤ የስኳር ሕመም እግራቸውን ያደነዘዘባቸው አሉ፤ ገና የመጣች፣ ቋንቋውንም መሪውንም ያልለመደች ሙሽራ አለች። የሚጥል በሽታ ያለበት ወጣት አለ፤ ይህኛው በተለይ በእኛ ዘንድ ይደበቃል። ቤተሰቡ ስሙ እንዳይጠፋ ብሎ፣ ሐኪሙ አትንዳ ያለውን ልጅ ቁልፍ ሰጥቶ ይልከዋል። ወላሂ ይህ ከባድ ነገር ነው። ራስን መጉዳትም ሌላውን መጉዳትም በዲናችን የተከለከለ ነው። በሽታው ነውር አይደለም። ደብቆ መንዳቱ ግን የሌላ ሰው ሕይወት ይዞ መውጣት ነው።

ምን አማራጭ አለ ታዲያ? ብዙዎቻችን ከምንገምተው በላይ አለ።

ከባሱና ከሜትሮው ልጀምር። እናቶቻችን «እኔ ባስ አላውቅም» ይላሉ። ባስ የሚታወቀው አብሮ የሚሄድ ሰው ሲያሳይ ነው። ልጅ ሆነን ቂርአት ቤት እጃችንን ይዘው የወሰዱን እነሱ አይደሉም? አንድ ቅዳሜ መኪናውን ፓርኪንጉ ውስጥ ተወውና ከእናትህ ጋር በባስ ሂድ። የት እንደሚቆሙ፣ ካርዱን የት እንደሚያስነኩ፣ ለመውረድ ገመዱን መቼ እንደሚስቡ አሳያቸው። ሁለተኛው ቀን ከኋላ ሆነህ ተከተላቸው። ሦስተኛው ቀን ስልክ ይዘው ብቻቸውን ይሂዱ። ባሱ ወደ ጠርዙ ጎንበስ ይላል፤ ደረጃ መውጣት ለሚከብደው ሾፌሩ መወጣጫውን ይዘረጋል፤ የፊተኞቹ ወንበሮች ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ቅድሚያ የሚሰጡ ናቸው። 65 ዓመት የሞላው ሰው የአረጋውያን ካርድ ካወጣ በሜትሮም ሆነ በሜትሮ ባስ የሚከፍለው ግማሽ ዋጋ ነው። የአሌክሳንድሪያው ዳሽ ባስ ከመስከረም 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለማንም ሰው በነፃ ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲው ራይድ ኦንም ከሰኔ 2025 መጨረሻ ጀምሮ እንዲሁ ነፃ ሆኗል። በነፃ የሚሄድ ባስ በራቸው ላይ እያለፈ ቤት የሚውሉ እናቶች አሉ፤ የነገራቸው ሰው የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። በዚያው በሰኔ 2025 መጨረሻ ሜትሮ የባሶቹን መስመርና ስም በሙሉ ለውጧል። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ለዓመታት ስንሳፈርበት የኖርነው 70 ቁጥር ዛሬ በዚያ ስም አይጠራም። ለእኛ ስልክ ከፍቶ ማየት ነው። ፊደል ላልቆጠረች እናት ግን የቁጥሩ ቅርጽ ነበር መሪዋ፤ ሰባትና ዜሮን በዓይኗ ይዛ ነበር የምትሳፈረው። ከዚያ ወዲህ መውጣት ያቆሙ ካሉ «ለምን ተዉት?» ብላችሁ ጠይቁ። አዲሱን ምልክት በትልቁ በወረቀት ጽፎ ቦርሳቸው ውስጥ ማስቀመጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሜትሮ አክሰስ የሚባለው ነው። እስቲ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በስህተት የሚወራበት ብዙ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1990 በዚህ አገር የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚደነግግ ሕግ ወጣ። ሕጉ መደበኛ የሕዝብ ባስና ባቡር የሚያሠራ መሥሪያ ቤት፣ በአካል ጉዳት ወይም በሕመም የተነሳ በመደበኛው ባስ መሄድ ለማይችል ሰው ሌላ መጓጓዣ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ሜትሮ አክሰስ የዚህ ሕግ ፍሬ ነው። መኪናው ደጅ ድረስ መጥቶ ይወስዳል። የሚያዘው ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ነው። ብቻውን መውጣት የማይችል ሰው ደጋፊ ይዞ ቢሄድ ደጋፊው አይከፍልም።

ማን ይፈቀድለታል? እዚህ ላይ ነው ስህተቱ። «አርጅቻለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ «መኪና መንዳት አልችልም» ማለትም አይበቃም። የሚጠየቀው በመደበኛው ባስና ባቡር መሄድ ይችላሉ ወይ የሚለው ነው። እስከ ፌርማታው መራመድ አለመቻል፣ ቆሞ መጠበቅ አለመቻል፣ የት እንደሚወርዱ መርሳት፣ ማየት አለመቻል፣ እነዚህ ሁሉ ይቆጠራሉ። ቅጹን ሐኪም መሙላት አለበት፤ ከዚያ በአካል ቀርቦ መታየት አለ። የእኛ ሰዎች እዚህ ቦታ ላይ ነው የሚወድቁት። «እናቴ፣ ደረጃ መውጣት ይችላሉ?» ሲባሉ «አልሐምዱሊላህ፣ እችላለሁ» ይላሉ። ሰው ፊት ድካምን መናገር በእኛ ባህል የለም፤ ማማረርም ይመስለናል። ይህ ግን ማማረር አይደለም፤ ምስክርነት ነው። እውነቱን፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ በመጥፎው ቀናቸው እንዴት እንደሆኑ ይናገሩ። አስተርጓሚ ይጠይቁ። የልጅ ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ መውሰድ አልመክርም፤ አያትየው ስለ ሽንታቸውና ስለ እግራቸው በልጁ ፊት እንዴት ይናገራሉ?

ማመልከቻው ተሟልቶ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ መልስ ካልተሰጠ፣ መልሱ እስኪመጣ ድረስ አገልግሎቱን መጠቀም ይፈቀዳል። ከተከለከሉም ይግባኝ አለ፤ የ60 ቀን ጊዜ አለው። አንዴ እምቢ ሲሉን ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ መቅበር ልማዳችን ነው፤ ይህንን እንተው።

ደግሞ ስሙልኝ፣ ይህቺን ነገር ሳውቅ በጣም ደስ ብሎኛል። ሕጉ አገልግሎቱ በጉዞው ዓላማ ሰውን እንዳያበላልጥ ይከለክላል። ሐኪም ቤት የሚሄደው ይቅደም፣ መስጂድ የሚሄደው ይቆይ ማለት አይችሉም። ስለዚህ ለጁሙዓ፣ ለቁርኣን ሐለቃ፣ ለለቅሶ፣ ወዳጅ ለመጠየቅም መያዝ ይቻላል።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ፤ ሳታውቁ ገብታችሁ እንዳታዝኑብኝ። የሚሸፍነው መደበኛ ባስና ባቡር የሚያልፍበትን አካባቢ ነው፤ በጣም ርቆ የሚኖር ላይደርሰው ይችላል። መኪናው በደቂቃው አይመጣም፤ የግማሽ ሰዓት ልዩነት አለው። ሲመጣ ደግሞ ሾፌሩ የሚጠብቀው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ጫማ ፍለጋ ሲባል ይሄዳል። በመንገድ ላይ ሌላ ሰው ስለሚጭን ይዞራል። ለጁሙዓ የምትይዙ ከሆነ ኹጥባው ከሚጀመርበት ሰዓት በጣም ቀደም አድርጋችሁ ያዙ። ያዙትን ጉዞ ሳያሰርዙ ደጋግሞ መቅረትም ያስቀጣል። ኢንሻአላህ ብለን ቀጠሮ ይዘን መቅረትን ለምደናል፤ ኢንሻአላህ ግን የመቅረት ኒያ አይደለም።

ከዚህ ሌላ ሜዲኬይድ ያለው ሰው ወደ ሕክምና ቀጠሮው የሚወስደው መጓጓዣ የማግኘት መብት አለው። ልጆች የሥራ ቀን እየከሰሩ እናታቸውን ሐኪም ቤት የሚያመላልሱት ይህንን ባለማወቅ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። አንዳንድ ካውንቲዎችም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያን የታክሲ ዋጋ ይደግፋሉ፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪዎች ይህንን ጠይቁ።

«እናቴን አካል ጉዳተኛ አስብዬ ላስመዝግብ?» ያለኝ ወንድም አለ። «እኔ እያለሁ መንግሥት ይውሰዳት?» ያለኝም አለ። ቅንዓቱ ይገባኛል። ግን አንተ አለህ ወይ? ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነህ። ይህ መብት ደግሞ ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላችሁ። ሜትሮ በመጋቢት 1976 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ሲጀምር ጋለሪ ፕሌስ የሚባለው ጣቢያ ተዘግቶ ነበር የቆየው። ባቡሩ ሳይቆም ያልፈው ነበር። ምክንያቱ ለአካል ጉዳተኞች አሳንሰር ስላልነበረው ፍርድ ቤት እንዳይከፈት ማገዱ ነው፤ የተከፈተው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ነው። ዛሬ ጋሪ እየገፋችሁ፣ ሻንጣ እየጎተታችሁ የምትገቡበት አሳንሰር፣ መራመድ የማይችሉ ሰዎች ተከራክረው ያስገኙት ነው። እኛ ሳንደክም የደረሰንን መብት ማፈሪያ አናድርገው።

እህቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጉዳይ አለ፤ ሴት ብቻዋን በታክሲ ወይም በኡበር መሄዷ ኸልዋ ነው ወይ? ከዘመናችን ዑለማኦች ከፊሎቹ ከልክለዋል፤ ከፊሎቹ ደግሞ በከተማ ውስጥ፣ ሰው በሚያይበት አውራ መንገድ ላይ፣ ፈተና ከሌለ ኸልዋ አይባልም ብለዋል። እኔ የምመክረው ይህንን ነው፦ ባስና ባቡር ሕዝብ ያለበት ስለሆነ ከዚህ ጥያቄ የራቀ ነው፤ እሱን አስቀድሙ። ታክሲ ካስፈለገ ሁለት ሆናችሁ መሄዱ ይመረጣል፤ ብቻ መሄድ ግድ ከሆነ ከኋላ መቀመጥ፣ መነሻና መድረሻን ለቤተሰብ ማሳወቅ ነው። ይህንን ልዩነት መሣሪያ አድርጋችሁ ሚስታችሁን ወይም እናታችሁን ቤት የምትዘጉ ወንድሞች ግን፣ ከለከላችሁ ማለት የምትወስዱት እናንተ ናችሁ ማለት ነው። ከልክሎም ሳይወስዱም መቅረት የለም።

ስለ ታክሲ ካነሳን፣ ይህ ከተማ የታክሲ ሾፌሮቹን ሲቆጥር እኛን ሳይጠራ አይጨርስም። ስንትና ስንት ወንድሞቻችን በዚህ ሥራ ልጆች አሳድገዋል፣ አገር ቤት ቤት ሠርተዋል፤ አላህ ሪዝቃቸውን ያብዛላቸው። የማያውቁትን ሰው ከኤርፖርት እስከ ቤቱ ደጅ አድርሰው ሻንጣውን የሚያወርዱ ሰዎች ናቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰውን በእንስሳው ላይ መደገፍ፣ ዕቃውን ማንሳት ሰደቃ መሆኑን አስተምረዋል። ታዲያ የመላው ዋሽንግተንን ሰው የምናጓጉዝ ሰዎች፣ የእኛ እናቶች በመስኮት ታክሲ ሲያልፍ እያዩ ይዋሉ?

ከእነዚሁ ወንድሞች መካከል ደግሞ ያረጁ አሉ። 30 ዓመት መሪ ጨብጦ የኖረ አባት ዓይኑ ሲደክም ቁልፉን ማስቀመጥ ሞት ይመስለዋል። ልጆች ይህንን አትናቁ። ቁልፉን ሰው ፊት አትንጠቁ። ሐኪሙ ይናገር፤ እናንተ ደግሞ ቁልፉን ከመጠየቃችሁ በፊት ሌላውን መጓጓዣ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። መስጂድ የሚያደርሰው ሰው በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ያወቀ አባት ቁልፉን ራሱ ያስረክባል።

አሁን መጀመሪያ ላይ ስለ ራሴ ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። አቡ ሰዒድ አልኹድሪ ያወሩት፣ ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ አለ። በአንድ ጉዞ ላይ አንድ ሰው በግመሉ ላይ ሆኖ መጣና ቀኝና ግራውን ይመለከት ጀመር። ሰውየው ምንም አልጠየቀም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ዓይኑን አይተው፣ ትርፍ መጓጓዣ ያለው ለሌለው እንዲሰጥ፣ ትርፍ ስንቅ ያለውም ስንቅ ለሌለው እንዲሰጥ ተናገሩ። ሌላም ሌላም እየጠቀሱ ሄዱ፤ ሰሓቦች ከእንግዲህ ማናችንም በትርፋችን ላይ መብት የለንም ብለው እስኪያስቡ ድረስ። ይህንን ሐዲስ ለጀማዓው ስንት ጊዜ አንብቤያለሁ። የእኚያ እናት አፓርትመንት ከእኔ ቤት የ12 ደቂቃ መንገድ ነው። አራት ዓመት ሙሉ፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር፣ አራት ባዶ ወንበር ይዤ በሰፈራቸው አጠገብ አልፌያለሁ። ኹጥባዬን በልቤ እየከለስኩ።

ነቢያችን እንደሆኑ ብቻቸውን መጋለብን አላዘወተሩም። በመሰናበቻው ሐጅ ከዐረፋ እስከ ሙዝደሊፋ ኡሳማን፣ ከሙዝደሊፋ እስከ ሚና ፈድልን ከኋላቸው አስቀምጠው ሄደዋል። ሙዓዝን በአህያ ላይ አፈናጥጠው ሲሄዱ ያስተማሯቸው ትልቅ ዒልም አለ። መንገድ ላይ አብሮ የሚሄድ ሰው የሚናገረው፣ ሳሎን ቤት የማይነገር ነገር አለው።

ባለፈው ዓርብ ከባለቤቴ ጋር ሆነን ሄደን ወሰድናቸው። ነጠላቸውን አጣጥፈው፣ ከቀጠሯችን ግማሽ ሰዓት ቀድመው ታች ወርደው ቆመው አገኘናቸው። በመንገድ ላይ ብዙ አላወሩም፤ የሚያዩት ነበራቸው። ስንመለስ ግን ለባለቤቴ የጠየቁት ጥያቄ ደስ አሰኝቶኛል። «ይኸ በነፃ ነው ያላችሁኝ ባስ የቱ ነው? ሁልጊዜ እናንተን ማስቸገር አልፈልግም» አሉ። ፌርማታው ላይ ቆመን አሳየናቸው፤ ከቤታቸው ሰባት ደቂቃ ይርቃል። 14 ዓመት የሞላው የልጅ ልጃቸው በሚመጣው ቅዳሜ አብሯቸው ሊሳፈር ቃል ገብቷል። የጨነቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ገመዱን ቀድሜ ብስበውስ? ሾፌሩ ይቆጣኝ ይሆን?»

በመስጂዳችን በሴቶቹ በር በኩል አንድ ደብተር አስቀምጠናል። በግራ ገጽ መጓጓዣ የሚፈልግ ሰው ሰፈሩን ይጽፋል፤ በቀኝ ገጽ ትርፍ ወንበር ያለው ሰው በየት በኩል እንደሚያልፍና በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ይጽፋል። ሴቶችን የሚወስዱ ከቤተሰባቸው ጋር የሚመጡ ወይም መኪና የሚነዱ እህቶች ናቸው። መጻፍ ለማይችሉ የሚጽፍላቸው ሰው በቦታው አለ። እስካሁን የግራው ገጽ ሞልቷል። ቀኙ ላይ ያለው አምስት ስም ነው፤ አንዱ የእኔ ነው።

አላህ የቀረነውን ይቅር ይበለን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።